ልጅ ማለት ምን ማለት ነው?

እሁድ ጠዋት፣ የዕድራችን ወርሃዊ ስብሰባ ላይ ነን። የምንሰበሰብበት አዳራሽ ድንኳኑ፣ ወንበሩና ትልልቁ ድስት የሚቀመጥበት የቆርቆሮ ቤት ነው። ፀሐይ ጠንከር ሲል ጣራው ይንጣጣል። እኔ ከፊት፣ ከዳኛው አጠገብ፣ መዝገቡን ዘርግቼ ተቀምጫለሁ። የዕድሩ ጸሐፊ ከሆንኩ ሦስት ዓመቴ ነው።

የዕለቱ ጉዳይ አንድ ነው። ከሁለት ሳምንት በፊት ያረፈችው ልጅ።

ልጅቷን ያሳደጓት እማማ ናቸው። ሰፈሩ በሙሉ እማማ ነው የሚላቸው፤ ስማቸውን እዚህ አልጽፍም። ልጅቷ ከገጠር ስትመጣ ሰባት ዓመቷ ነበር። እናቷ ሞታ፣ የሚይዛት ዘመድ ጠፍቶ፣ የእማማ የአገር ቤት ጎረቤቶች ናቸው ይዘዋት የመጡት። 14 ዓመት አብረው ኖሩ። ቀን ቀን ከእማማ ጋር እንጀራ ጋግራ ትሸጣለች፣ ማታ ትማራለች። ታመመች፣ ብዙም ሳትቆይ አረፈች። 21 ዓመቷ ነበር።

የቀብሩ ዕለት ድንኳኑም፣ ወንበሩም፣ ሳህኑም ያለ ምንም ጥያቄ ወጣ። ጥያቄው የመጣው ገንዘቡ ላይ ነው። ደንባችን ለአባሉ፣ ለባል ወይም ለሚስት፣ ለልጅ፣ ለእናትና ለአባት፣ ለእህትና ለወንድም የሚከፈለውን እየለየ ያስቀምጣል። ስላሳደጉት ሰው የሚለው ነገር የለም።

አንድ ጋሼ የምንላቸው ጡረተኛ ተነሱ። «ሐዘኑ የሁላችንም ነው። ግን ልጃቸው አይደለችም። እኛም እናውቃለን፣ እሳቸውም ያውቃሉ። ለዚህ ከከፈልን ነገ ሁሉም ሠራተኛውን፣ ተከራዩን ልጄ ነው እያለ ይመጣል» አሉ። ብዙ ሰው ራሱን ነቀነቀ። ጋሼ ክፉ ሰው አይደሉም። የዕድር ገንዘብ የድሃ ገንዘብ ነው፤ ያለ ደንብ ከተነካካ ማንም የሚቀብረው አያገኝም። ይህን በደንብ ያውቃሉ፤ ለብዙ ዓመት ገንዘብ ያዥ ነበሩ።

እማማ ጥግ ላይ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ተቀምጠዋል። አንድ ቃል አልተነፈሱም።

ዳኛው ድምፅ ሊያሰጡ ሲሉ እጄን አወጣሁ። «ከድምፁ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅ» አልኩ። «ደንቡ ላይ ‹ልጅ› ብለን ስንጽፍ፣ ልጅ ማለት ምን ማለታችን ነበር?»

ዝምታ ሆነ። ከዚያ ከኋላ አንድ ሰው «ፈላስፋው ጀመረ» አለ፣ ሰውም ሳቀ።

ፈላስፋው የሚሉኝ ፍልስፍና ስለተማርኩ ነው። ፍልስፍና መማር ለዚህ ዘመን ኑሮ ይጠቅማል ወይ ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ብዙ ነው። ታናናሾቼ ይጠይቁኛል፣ የመሥሪያ ቤት ባልደረቦቼ ይጠይቁኛል። እስከዚያች እሁድ ድረስ የምመልሰው መልስ ሁሉ ለራሴም አይጥመኝም ነበር።

ዲፓርትመንቱን መርጬው አልገባሁም። ደረሰኝ። ያኔ መንግሥት ከመቶ ተማሪ 70ው ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30ው ማኅበራዊ ሳይንስ ይማር የሚል ፖሊሲ ይዞ ነበር። እኔ ከ30ዎቹ ነበርኩ፤ ከ30ዎቹም ውስጥ ብዙ ሰው ሦስተኛና አራተኛ ምርጫ አድርጎ የሚሞላው ክፍል ደረሰኝ። ለአባቴ ስደውልለት ትንሽ ዝም አለና «እሺ ልጄ፣ ስትጨርስ ምን ትባላለህ?» አለኝ። ኢንጂነር፣ ዶክተር፣ ነርስ፣ አካውንታንት የሚባል ነገር ፈልጎ ነበር። የምነግረው ስም አልነበረኝም።

ከተመረቅኩ በኋላ አንድ መሥሪያ ቤት ለቃለ መጠይቅ ጠራኝ። ሦስት ሰዎች ነበሩ። አንደኛው ማስረጃዬን አገላብጦ «ፍልስፍና ተምረህ እኛ ጋ ምን ልትሠራልን ነው?» አለና ሁለቱን እያየ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅኩ። ወደ ቤት ስመለስ ታክሲ ውስጥ ነው የከፋኝ። የሳቅኩት መልስ ስላልነበረኝ ነው።

ዛሬ የአንድ ድርጅት ግዢ ክፍል ውስጥ እሠራለሁ። ሦስት ፕሮፎርማ እሰበስባለሁ፣ ዋጋ አወዳድራለሁ፣ ደብዳቤ አረቅቃለሁ። እንጀራዬ ነው፤ አከብረዋለሁ። ፍልስፍናው ግን አላስቀጠረኝም። ይህን ለወጣቶች መደበቅ ነውር ይመስለኛል። «ፍልስፍና ተማሩ፣ ሥራው ይከተላል» የሚል ሰው ካለ እኔ ከእሱ ጋር አይደለሁም።

ለፍልስፍና ጥብቅና የሚቆሙ ሰዎች የሚያነሷቸው የታወቁ ታሪኮች አሉ። የመጀመሪያው የታሌስ ነው። ይህ የጥንት ግሪክ ሰው ኮከብ እያየ ሲሄድ ጉድጓድ ውስጥ ወደቀና አንዲት ገረድ ሳቀችበት፤ ሰማዩን ሲመረምር እግሩ ሥር ያለው አይታየውም አለች። አርስቶትል የሚነግረን ሌላው ታሪክ ደግሞ ሰዎች በድህነቱ ሲዘልፉት ያደረገውን ነው። የወይራው ምርት ያማረ እንደሚሆን ቀድሞ አውቆ፣ ገና በክረምቱ የዘይት መጭመቂያዎቹን በሙሉ በርካሽ ተከራያቸው። ምርቱ ሲደርስ ሁሉም ሰው ወደ እሱ መጣ፤ በፈለገው ዋጋ አከራያቸው። ፈላስፋ ከፈለገ ሀብታም መሆን ይችላል ለማለት ነው የሚነገረው።

ይህ ታሪክ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ታሌስ በዚያ ወቅት የሠራው የነጋዴ ሥራ ነው፤ ጎበዝ ነጋዴ ሁሉ ይሠራዋል። ቀሪውን ዕድሜውን ለምን ሰማይ ሲያይ እንደኖረ አይነግረኝም።

ሁለተኛው የክሎድ ሻነን ነው። አሜሪካዊ ነው። በኮሌጅ ዘመኑ በወሰደው የፍልስፍና ትምህርት ላይ ከጆርጅ ቡል አመክንዮ ጋር ተዋወቀ። ቡል አስተሳሰብን እንደ አልጀብራ በምልክት መጻፍ ይቻላል ያለ የ19ኛው መቶ ዘመን ሰው ነው። ሻነን በ1937 እ.ኤ.አ.፣ ገና በ21 ዓመቱ፣ ያ እውነትና ሐሰት የሚለው አመክንዮ ክፍትና ዝግ በሆነ የኤሌክትሪክ መስመር ሊሠራ እንደሚችል በማስተርስ ጽሑፉ አሳየ። ዛሬ ኪሳችን ውስጥ ያለው ስልክ የሚሠራው በዚያ ነው። ድንቅ ነገር ነው። ግን ለእኔ፣ ግዢ ክፍል ለተቀመጥኩት ሰውዬ፣ ምን ይጨምርልኛል? ሻነንን የሚያህል ሰው በየመቶ ዓመቱ ስንት ይወለዳል?

ሦስተኛው ትንሽ ይቀርበኛል። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. አልበርት ኤሊስና አሮን ቤክ የተባሉ ሰዎች ለጭንቀትና ለድብርት አዲስ የንግግር ሕክምና አመጡ። ዛሬ በዓለም ላይ በሰፊው ይሠራበታል። ሁለቱም ሐሳቡ ስቶይኮች ከሚባሉት የጥንት ግሪክና ሮም ፈላስፎች የወረደ መሆኑን ተናግረዋል፤ በተለይ ከኤፒክቴተስ። ኤፒክቴተስ ባሪያ ሆኖ ያደገ ሰው ነው። የሚያስተምረው ቀላል ነገር ነበር፤ በእጅህ ያለውንና የሌለውን ለይ ይላል።

ይህን ትምህርት አንድ ጊዜ በቁም ነገር ተጠቅሜበታለሁ። እናቴ ታማ ናሙና ተወስዶ ውጤት የምንጠብቅባቸው አራት ቀናት ነበሩ። ሁለተኛው ሌሊት ላይ ተነሥቼ ሳሎን ተቀመጥኩ። የእህቴን ልጅ ደብተር አገኘሁና መሐሉ ላይ መስመር አሰመርኩ። በአንዱ በኩል በእጄ ያለውን ጻፍኩ፤ ለሐሙስ ፈቃድ መጠየቅ፣ መኪና ያለውን ጓደኛዬን ማነጋገር፣ ለእህቴ እውነቱን መንገር፣ ጠዋት ቡና አፍልቼ ከእናቴ ጋር መቀመጥ። በሌላው በኩል አንድ ቃል ብቻ ጻፍኩ፤ ውጤቱ። ከዚያ ተኛሁ። ፍርሃቱ አልለቀቀኝም፤ ግን ቦታውን ያዘ። ቤቱን በሙሉ ሞልቶ የነበረው አንድ መስመር ሆነ። እናቴ ዛሬ ደህና ናት፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ውጤቱ ክፉ ቢሆንም ግን ያ ሌሊት ያው ሌሊት ነበር፣ ያ ወረቀትም ያው ይሠራልኝ ነበር።

ነገር ግን ይህም ቢሆን ሙሉ መልስ አይመስለኝም። ኤፒክቴተስ ዛሬ በየቴሌግራሙ የሚሰራጭ የማበረታቻ ጥቅስ ሆኗል። ጠንክር፣ ችለኸው እለፍ፣ ሌላው አያገባህም የሚል። እንዲህ ሲሆን ሰውን ብቻውን ያስቀረዋል። እኔን ያሳሰበኝ ደግሞ ሰው አንድ ላይ ሲሆን ነው። አንድ አዳራሽ ውስጥ፣ የጋራ ገንዘብ ይዞ፣ አንዲት እናት ጥግ ላይ ተቀምጠው፣ ምን ይሁን ሲል።

ወደዚያው ልመለስ።

«ልጅማ የወለዱት ነው» አሉ ጋሼ። «ይሄ ምን ጥያቄ ያስፈልገዋል?»

መዝገቡን ወደ ኋላ ገለጥኩ። ካቻምና አንድ አባላችን የእንጀራ ልጁ ሞቶበት በልጅ ሂሳብ ከፍለናል። የፈረሙት ራሳቸው ጋሼ ነበሩ። መዝገቡን ወስጄ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን ከኪሳቸው አወጡ፣ በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉት፣ ጣታቸውን ከመስመሩ ሥር እያስኬዱ አነበቡ። ከዚያ «ይሄስ እውነት ነው» አሉ። አዳራሹ ፊት እንዲህ ማለት ቀላል አይደለም። በዚያች ቅጽበት በጣም አከበርኳቸው።

«እሱ ግን በጋብቻ የመጣ ነው» አሉ ቀጥለው።

«ስለዚህ ልጅ ማለት የወለዱት ወይም በጋብቻ የመጣ ነው እንበል?»

«አዎ፣ እንደዚያ ይሁን።»

ይህን ጊዜ መሐል ላይ የተቀመጠች አንዲት እናት ተነሣች። «የእኔ ትልቁ ልጅ ጉዲፈቻ ነው» አለች። ግማሹ ሰው አያውቅም ነበር። «አልወለድኩትም፣ በጋብቻም አልመጣም። አያድርገውና አንድ ነገር ቢሆን ልትከፍሉኝ አይደለም ማለት ነው?»

«ኧረ የእሱ ይለያል፣ የፍርድ ቤት ወረቀት አለው» አላት አንዱ። ትክክል ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ጉዲፈቻ በፍርድ ቤት ካልጸደቀ ዋጋ የለውም ይላል።

«ወረቀቱን ያወጣሁት አራት ዓመት ሞልቶት ነው» አለች። «ከዚያ በፊት ታዲያ ምኔ ነበር?»

ማንም አልመለሰላትም።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቁም። የጥንቱ ግሪክ ፈላስፋ ሶቅራጥስ እናቱ አዋላጅ እንደነበረች ይነገራል። የራሱንም ሥራ ከእናቱ ሥራ ጋር ያመሳስለው ነበር። እሱ ምንም አይወልድም፤ ሰዎች በውስጣቸው የያዙትን በጥያቄ ያዋልዳቸዋል። ጄኔራሎቹን ጀግንነት ምንድን ነው፣ አባቱን ሊከስስ ወደ ፍርድ ቤት የሚሄደውን ሰው መንፈሳዊነት ምንድን ነው ብሎ ይጠይቃል። ተማሪ ሆኜ ይህን ሳነብ ይሰለቸኝ ነበር። መጨረሻው የለውማ። ይጠይቃሉ፣ ይመልሳሉ፣ መልሱ ይፈርሳል፣ ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ። ያቺ እናት ተነሥታ ስትናገር ነው የገባኝ። ያንን ጥያቄ እኔ አልጠየቅኩም፤ ልጠይቀውም አልችልም ነበር። ልጁ የእሷ ነው። እኔ ያደረግኩት ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት ለጥያቄው ቦታ መክፈት ብቻ ነው።

ቋንቋችንን አስቡት። የእንጀራ ልጅ አለ፣ የጡት ልጅ አለ፣ የክርስትና ልጅ አለ፣ የማደጎ ልጅ አለ። ጉዲፈቻ የሚለው ቃል ራሱ ከኦሮሞ ወገኖቻችን ባህል የመጣ ነው፤ በዚያ ባህል የሌላውን ልጅ ወስዶ እንደ አብራክ ክፋይ ማሳደግ የፍርድ ቤት ማኅተም ከመምጣቱ በፊት የቆየ ነገር ነው። አያቶቻችን ልጅነት በብዙ በር እንደሚገባ ያውቁ ነበር። ደንባችንን ያረቀቅን ጊዜ አራት ፊደል የማይሞላ ቃል ጻፍንና አለፍን። ሁሉም የሚያውቀው ስለመሰለን ማንም አልጠየቀም።

ጋሼ ግን እጅ አልሰጡም፤ ባለመስጠታቸውም ደስ ይለኛል። «እሺ፣ ያሳደጉትም ልጅ ነው እንበል። ቤቴ ስድስት ዓመት የተቀመጠ ተከራይ አለኝ። ምሳ አብረን እንበላለን። እሱስ?» አሉ። ይህ ጥሩ ጥያቄ ነው። ትርጉም ጠቦ ሰው ሲያስቀር በደል እንደሚሆን ሁሉ፣ ሰፍቶ ሁሉን ሲያስገባም ደንብ መሆኑ ይቀራል። የክፍል መምህሮቼ ምሳሌ እያመጡ ሐሳባችንን ሲያፈርሱብን የሚያደርጉት ይህንኑ ነበር። ጋሼ ፍልስፍና አልተማሩም፤ ሥራውን ግን ሠሩት።

«ተከራይዎ ቢሞት ሐዘን የሚቀመጠው የት ነው?» አላቸው አንድ ወጣት። «አገሩ ነዋ፣ እናቱ ቤት» አሉ። የልጅቷስ ሐዘን የት ተቀመጠ? እማማ ቤት። ሌላ ቦታስ? የትም።

ይህን ጊዜ ነው ጥሩምባ ነፊያችን የተናገሩት። እኚህ ሰው በስብሰባ ላይ ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም። በር ላይ ቆመው ነው የሚያዳምጡት። «እኔ ጥሩምባ ስነፋ የእገሌ ልጅ አረፈ ብዬ ነው የምለፍፈው» አሉ። «የዚያን ዕለት ሌሊት 11 ሰዓት ላይ የእማማ ልጅ አረፈች እያልኩ ሰፈሩን ዞርኩት። ሰው ሁሉ እየወጣ ‹ወይኔ!› አለ። የትኛዋ ልጅ ብሎ የጠየቀኝ አንድ ሰው የለም።»

እማማ ያኔ ነው ያለቀሱት።

ከስብሰባው በኋላ ለብዙ ቀን ሳስበው የነበረው አርስቶትል የሚናገረው አንድ ማስመሪያ ነው። ሕግ በጠቅላላው ነው የሚጽፈው ይላል፤ ኑሮ ግን በየግሉ ይመጣል። ሕግ አውጪው ያላሰበው ነገር ሲደርስ፣ ፍትሐዊ ሰው ሕግ አውጪው እዚያ ቦታ ቢኖር ምን ይል ነበር ብሎ ይሞላዋል። ምሳሌ ያመጣል። ሌዝቦስ በምትባለው ደሴት ግንበኞች የእርሳስ ማዕድን ማስመሪያ ነበራቸው። ከድንጋዩ ቅርጽ ጋር ይታጠፋል። የእኛ ግንበኞች ቱምቢና ውሃ ልክ ለቀጥታው ግድግዳ ይሆናል፤ ላልተስተካከለ ድንጋይ ግን ከድንጋዩ ጋር የሚሄድ መለኪያ ያስፈልጋል። የሚታጠፈውም ማስመሪያ ታዲያ ማስመሪያ ነው፤ እንዳሻው የሚሄድ ክር አይደለም።

ይህን ዩኒቨርሲቲ እያለሁ ለፈተና አጥንቼዋለሁ። ያኔ ማስታወሻ ደብተሬ ላይ ያለ አንድ አንቀጽ ነበር። ለ12 ዓመት ያህል ምንም አልሠራልኝም። በዚያች እሁድ ግን፣ ጋሼ ስለ ደንብ ሲናገሩና ሌላው ስለ ርኅራኄ ሲናገር፣ ሁለቱ የሚጣሉ ነገሮች እንዳልሆኑ የማውቅበት ቋንቋ ነበረኝ። ቋንቋው ባይኖረኝ ኖሮ ሆዴ ለእማማ እያዘነ ዝም እል ነበር። ወይም ተነሥቼ ጨካኞች ናችሁ ብዬ እጮህና ጋሼን ለዘላለም አስቀይማቸው ነበር። የፍልስፍናን ጥቅም ንገረኝ ብትሉኝ እዚህ ቦታ ላይ ነው የማሳያችሁ።

ይህን ስል ፍልስፍና ከግሪክ በፖስታ የመጣልን ነገር እንዳይመስል እፈራለሁ። የድሮው የችሎት ሙግታችን «ተጠየቅ» የሚል ነበር። ተሟጋቹ ባላጋራውን ይጠይቀዋል፣ በመልሱ ይይዘዋል፣ በላ ልበልሃ እያለ በግጥም ይሞግተዋል፤ ሰውም ከቦ ይሰማል። ሐተታ የሚለው ቃልም መመርመር ማለት ነው። የዘርዐ ያዕቆብ ሐተታ በ17ኛው መቶ ዘመን በዋሻ ተሸሽጎ የኖረ ሰው የጻፈው ነው ይባላል። ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ የተባለው ጣሊያናዊ በ1920 እ.ኤ.አ. ጸሐፊው ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የሚባል ሚሲዮናዊ ነው ብሎ ተነሣ። በ1953 እ.ኤ.አ. ወደ አዲስ አበባ መጥተው ለአሥርት ዓመታት ፍልስፍና ያስተማሩት ካናዳዊው ክላውድ ሰምነር ደግሞ የለም፣ ጸሐፊው ኢትዮጵያዊ ነው ብለው ብዙ ደከሙ። ክርክሩ ዛሬም አልቆመም። ማንም ይጻፈው፣ ከመጽሐፉ አንድ ቦታ ለእኔ አይረሳም። ዘርዐ ያዕቆብ እንፍራዝ ላይ በተጠጋበት ቤት ኂሩት የምትባል ገረድ ነበረች። ሊያገባት ፈለገ። ጌታዋ ከእንግዲህ ያንተ ገረድ ትሁን አለው። እሱ ግን ገረድ እንድትሆነኝ አልፈልግም፣ ሚስቴ ናት፤ ባልና ሚስት በጋብቻ እኩል ናቸው፣ ጌታና ገረድ ሊባሉ አይገባም አለ።

እዩት። እዚያም ጉዳዩ አንድን ሰው ማን ብለን እንጥራ የሚል ነው። ገረድ ወይስ ሚስት። ተቀማጭ ወይስ ልጅ። የምንሰጠው ስም የምናደርገውን ይወስናል።

አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። ፍልስፍና ሰውን ይጎዳል፤ እኔ ጎድቼበታለሁ። ሎጂክ የተማርኩበት ዓመት የሰውን ንግግር ሕጸጽ እያወጣሁ ስም እሰጥ ነበር። ይሄ አድ ሆሚነም ነው (ሐሳቡን ትቶ ሰውየውን መንካት)፣ ይሄ ከመነሻው አይከተልም እያልኩ። አንድ ቀን እህቴ ከባሏ ጋር ስለተጣሉበት ነገር እያለቀሰች ስትነግረኝ፣ የተናገረችው እርስ በርሱ ይጋጫል ብዬ አስረዳኋት። ልክ ነበርኩ። ለወራት ምንም ነገር አልነገረችኝም። ልክ መሆኔ ምን ጠቀማት? ፌስቡክና ቲክቶክ ላይ ብሔርን፣ ሃይማኖትን፣ ፖለቲካን የሚከራከሩ ብዙ ብሩህ ልጆች አያለሁ። ቃሉን ሁሉ ያውቁታል። የሌላውን ስህተት ለመያዝ ብቻ ነው የሚሰሙት። እንደነሱ ነበርኩና አውቀዋለሁ። ከዚያ ያወጣኝ ሌላ ተጨማሪ ንባብ አይመስለኝም፤ የእህቴ ዝምታ ነው።

ስለዚህ አሁን የሚጠይቁኝን ታናናሾቼን እንዲህ እላቸዋለሁ። ከተቻለ ሌላ ሙያ ያዙ፣ ፍልስፍናን ደግሞ ከጎኑ ተማሩ። የደረሳችሁ እንደኔ ከሆነም አትሸማቀቁ፤ ግን ዲግሪው ሥራ ያስገኛል ብላችሁ አትጠብቁ፣ በጎን ሌላ ነገር ልመዱ። ያነበባችሁት ነገር መቼ እንደሚያስፈልጋችሁ አታውቁም። የሚያስፈልጋችሁ ቀን ደግሞ ሄዳችሁ የምታነቡበት ጊዜ አይኖራችሁም። ዳኛው ድምፅ ሊያሰጡ ነው፤ ያላችሁ የያዛችሁት ብቻ ነው።

በዚያን ቀን ስብሰባ በአብላጫ ድምፅ እንዲከፈል ተወሰነ። ሦስት ሰዎች ተቃወሙ፤ ተቃውሟቸውን በመዝገቡ ላይ አስፍሬዋለሁ። ጋሼ ደግፈው እጃቸውን አወጡ፤ ግን ደንቡ እንዲሻሻል ቅድመ ሁኔታ አስቀምጠው ነው። አንቀጹን ያረቀቅነው እሳቸውና እኔ ነን፤ ሁለት ምሽት ፈጀብን። «ልጅ ማለት አባሉ የወለደው፣ በጋብቻ ወይም በጉዲፈቻ የመጣ፣ ወይም ከልጅነቱ ጀምሮ በአባሉ ቤት እንደ ልጅ ያደገና ሐዘኑ በአባሉ ቤት የሚቀመጥ ነው» ይላል። እንደ ልጅ የሚለው ላይ ጋሼ ብዙ ተሟገቱ። ማን ይመሰክራል? ስንት ዓመት? በመጨረሻ አባሉ በሕይወት እያለ በቤተሰብ ዝርዝር ላይ ያስመዝግብ አልን።

ሁሉም ነገር አልተፈታም። በቀጣዩ ወር አንድ አባል የሠራተኛውን ስም ሊያስመዘግብ መጣ። ልጅቷ እናትም አባትም አሏት፤ ደመወዝም ትቀበላለች። ጋሼ «አላልኩህም?» በሚል ዓይን አዩኝ። ልክ ናቸው። ገና እንነጋገርበታለን።

ያንኑ ቀን እማማ ወርሃዊ መዋጮ ሊከፍሉ መጡ። ብሩን ቆጥረው ሰጡኝና አልሄዱም።

«ያ የቤተሰብ ዝርዝር ያላችሁት የታለ?» አሉኝ።

አወጣሁላቸው። የእሳቸው ገጽ ላይ ከራሳቸው ስም ሥር ባዶ ነው።

«እሷን ጻፍልኝ።»

ዝርዝሩ በሕይወት ላሉት መሆኑን ልነግራቸው ነበር። ከአፌ መለስኩት። እስክሪብቶዬን አነሣሁና ስሟን ጻፍኩ።

«አሁን አንብብልኝ» አሉ።

ስሟን ከነአባቷ አነበብኩላቸው። ዕድሜ፣ 21። ዝምድና፣ ልጅ።